ታርጋው የተነበበበት ፊልም

ፊልሙ አሥራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራው በገመድ የሚጎተት የሳንፍራንሲስኮ ትራም ግንባር ላይ ተጠምዷል፤ ትራሙ የማርኬትን ጎዳና ይዞ የፌሪ ሕንፃ ወደቆመበት ወደ ባሕሩ ዳር ቀስ እያለ ይወርዳል። የፈረስ ጋሪ ከፊቱ ይታጠፋል። ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ምንም ሳይቸኩል ሐዲዱን ያቋርጣል። አውቶሞቢል የበዛባት ከተማ ትመስላለች፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ግን አንዳንዶቹ መኪኖች ትራሙን እየዞሩ ደጋግመው የሚመጡት እነዚያው ናቸው። ይህን ያነሡት ማይልስ የተባሉ ወንድማማች የፊልም ነጋዴዎች ናቸው። መቼ እንዳነሡት ግን ለብዙ ዘመን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሴፕቴምበር 1905 ብሎ ገምቶ ነበር (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

ግምቱን ያፈረሰው ዴቪድ ኪን ነው፤ በአላሜዳ አውራጃ፣ ፍሪሞንት ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የፊልም ሙዚየም የታሪክ አጥኚ። ኪን መጀመሪያ ያየው መንገዱ ላይ ያቆረውን ውሃ ነው። የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጦ በተባለው ወር ያን ያህል ዝናብ እንዳልነበረ፣ በ1906 የጸደይ መጀመሪያ ግን ሰማዩ እንደተቀደደ አገኘ። ቀጥሎ የአንዱን መኪና ታርጋ አነበበ፤ መዝገቡን ሲያስፈትሽ መኪናው የተመዘገበው በ1906 መጀመሪያ ላይ ሆነ። የጥላውን አቅጣጫና የፊልም ነጋዴዎች የሚያነቡትን ጋዜጣ ማስታወቂያ ከጨመረበት በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነለት፤ ፊልሙ የተነሣው ሳንፍራንሲስኮን ካወደማት የኤፕሪል 18 ቀን 1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ጥቅሉ ወደ ኒውዮርክ ቢሮ የሚሄደው ባቡር ላይ የተጫነው መንቀጥቀጡ ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነበር። በማግስቱ የወንድማማቾቹ ስቱዲዮ ከነንብረቱ በእሳት ጋየ። ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ባለቀበት በዚያ አደጋ፣ ፊልሙ ላይ ከሚራመዱት ስንቱ እንደተረፈ ማን ያውቃል?

በ2010 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ግኝቱን ለሕዝብ አቀረበ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ።

ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ በ880 አውራ ጎዳና የሚመላለስ ሐበሻ ሹፌር የኪን ሙዚየም ባለባት መንደር አቅራቢያ በቀን ስንቴ እንደሚያልፍ ቢነገረው ይገረም ይሆናል። ናይልስ ትባላለች። በ1956 ከሌሎች አራት መንደሮች ጋር ተዋሕዳ ፍሪሞንት የምትባለውን ከተማ ፈጠረች እንጂ ቀድሞ ራሷን የቻለች የባቡር ጣቢያ ነበረች። በ1912 የጸደይ ወራት ጊልበርት አንደርሰን የተባለ ሰው ተዋንያኑን ይዞ መጣባት። አንደርሰን «ብሮንኮ ቢሊ» በሚል ስም የሚታወቅ፣ የካውቦይ ፊልም የመጀመሪያው ኮከብ ነው፤ ከጆርጅ ስፑር ጋር በ1907 ቺካጎ ላይ ያቋቋመው ኩባንያ ኤሳናይ ይባላል። ገደሉ፣ ወንዙ፣ ፀሐዩና ባቡሩ በአንድ ስፍራ ስለተገኙለት ናይልስ ላይ ስቱዲዮ አሠራ። ኩባንያው በአራት ዓመት ከ350 በላይ ፊልም አወጣባት፤ አብዛኛው አጫጭርና ወንበዴ የሚሳደድበት ነበር።

በ1915 ቻርሊ ቻፕሊን መጣ። መንደሯ ብዙም አልጣመችውም፤ አምስት ፊልም ሠርቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ከአምስቱ አንዱ ግን «ዘ ትራምፕ» ነው፤ ያ ባርኔጣና ከዘራ የያዘ መንገደኛ ጀርባውን ሰጥቶ በአቧራማው መንገድ ብቻውን የሚርቅበት። ስቱዲዮው በፌብሩዋሪ 1916 ተዘጋ፣ በ1933 ፈረሰ።

ፊልሞቹስ? የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት የሚባል ነገር አንዴ እሳት ከነካው የሚያግዝ አየር አይፈልግም፤ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ ገብቶም ይነዳል። ባይቃጠል እንኳ ከጊዜ ብዛት ይሟሟል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ዱቄት ይሆናል። ከሁሉ የባሰው ግን የባለቤቶቹ ንቀት ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፅ አልባው ዋጋ አጣ፤ ውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ብቻ የቀለጠ ፊልም ብዙ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ11 ሺህ ገደማ ረጃጅም የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የቀሩት 14 በመቶ ናቸው። 70 በመቶው የለም። ከተረፈውም ብዙው የተረፈው አንድ ሰብሳቢ ጓዳው ውስጥ ስላስቀመጠው፣ አንድ የሩቅ አገር ሲኒማ ቤት መመለሱን ስለረሳው ነው። ከኩባንያዎቹ ይልቅ ሐራጅ ቤቱ፣ ምድር ቤቱና የፊልም ወዳጁ ለታሪክ ውለታ ሠርተዋል።

የናይልሱ ሙዚየም የእነዚህ ወዳጆች ቤት ነው። የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ1913 የተሠራውን ኤዲሰን ሲኒማ ቤት አድሰው፣ ቅዳሜ ማታ ድምፅ አልባ ፊልም በፒያኖ አጅበው ያሳያሉ። ቻፕሊንን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢገባ መጀመሪያ የሚያስደንቀው የሥዕሉ ጥራት ይመስለኛል። ለብዙዎቻችን ቻፕሊን ማለት ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል የተጫጫረ ፊልም ላይ እየተንደረደረ የሚሮጥ ጥቁር ጥላ ነው። ተመልካቾቹ በ1915 ያዩት እንደዚያ አልነበረም። ከዋናው ነጋቲቭ የታተመ ቅጂ የቆብ ስፌት ያሳያል። ሩጫውም ቢሆን ከፊሉ የእኛ ስሕተት ነው፤ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ አሥራ ስድስት ሥዕል ገደማ የተነሣው፣ በኋላ ለድምፅ ፊልም በተሠራ በሰከንድ ሃያ አራት በሚጎትት ማሽን ሲታይ ሰዉ ሁሉ ይጣደፋል። የደበዘዘውም ቅጂ ከቅጂ፣ ያም ከሌላ ቅጂ እየተባዛ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ስለጠፋ ነው። የኪን ታርጋም በእንዲህ ያለ ቅጂ ላይ ቢሆን ኖሮ ነጭ ነቁጥ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የፊልሙም ዕድሜ እንደተገመተ ይኖር ነበር። የሥዕል ጥራት የቅንጦት ጉዳይ ለሚመስለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

የማይልስ ወንድማማቾች ነገር በዚህ አላበቃም። እነሱው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያነሡት፣ ያው ጎዳና በግራና በቀኝ ፍርስራሽ ሆኖ የሚታይበት ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሆነ የናይትሬት ጥቅል፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ለሽያጭ ቀርቦ ተገኘ። የፊልም ወዳጆች እጅ ገብቶ ሥዕል በሥዕል ወደ ዲጂታል ከተገለበጠ በኋላ በኤፕሪል 2018 ናይልስ ላይ፣ በኤዲሰን ሲኒማ ቤት ታየ። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ማየት ስለ 1906 ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ዓይነት ወዳጅ መጣ። ዴኒስ ሺርያየቭ የተባለ ባለሙያ የማርኬት ጎዳናውን ፊልም በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳልፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በሰከንድ ስድሳ ሥዕል እንዲሮጥ አድርጎ በዩቲዩብ ለቀቀው፤ እጅግ ብዙ ሰውም አየው። ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰዎቹ ትናንት የተቀረጹ ይመስላሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ አሥራ ስድስት የነበረው ስድሳ ሲሆን ከየሰከንዱ አርባ አራቱን ሥዕል ማሽኑ ከጎንና ከጎን ካሉት ገምቶ የፈጠረው ነው። ቀለሙም ግምት ነው፤ ያ ቀሚስ ሰማያዊ ይሁን ቡናማ የሚመሰክር አንድም ነገር ፊልሙ ላይ የለም። የፊልም ታሪክ አጥኚዎች በዚህ አጥብቀው ተከራክረዋል። ወጣቱን ወደ አሮጌ ፊልም መሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ማሽን የደበዘዘ ታርጋ ሲያጠራ ቁጥር ሊያወጣለት ይችላል፣ ያ ቁጥር የማንም መኪና አይደለም። እንዲህ ያለውን ቅጂ ይዞ መዝገብ ቤት የሚሄድ ሌላ ኪን ምን ሊያገኝ ነው?

ማደስ ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከእኛው ቤት ምሳሌ አለ። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በ1974፣ ገና በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳለ፣ በዕረፍት ጊዜው አገር ቤት ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ተዋንያኑም አብዛኞቹ ሙያተኞች አልነበሩም። ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ዓመት ባላባትና ጭሰኛ ሲተያዩ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ የለንም። በ2006 ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ባለ ላቦራቶሪ ታደሰ። ሻካራነቱ፣ የፊልሙ ቅንጣት፣ ፀሐዩ የሚያነደው ነጭ ሰማይ አልተነካም፤ የወጣው ቆሻሻውና ጭረቱ ነው። አዳሹ ከፊልሙ ላይ የተጨመረበትን ያነሣል፣ ያልነበረውን አይጨምርም።

የቀረው ደግሞ ማንም ላቦራቶሪ የማይወስደው ነው። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ሱቆች ለአንድ ትውልድ የአማርኛ ድራማና ሙዚቃ በቪኤችኤስ ካሴት፣ ቆይቶም በቪሲዲ ያዳርሱ ነበር። ካሴቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ቅጂ፣ የተሸጠው የዚያ ቅጂ፣ ቤት የተቀመጠው ደግሞ ጎረቤት ያባዛው። ከሠርጉና ከክርስትናው ካሴት ጋር ዛሬም በየመሳቢያው አለ። የማግኔት ካሴት ባይነካም ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ ማጫወቻውን ደግሞ እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረት አቁሟል። ካሴቱን ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ የሚጠይቀው ያገለገለ ደህና ማጫወቻ፣ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያና ትዕግሥት ነው። ከሁሉ ቀድሞ በእጅ ካሉት ቅጂዎች ወደ መጀመሪያው የሚቀርበውን መምረጥ ይገባል። ፋይሉም ማጥሪያ ፕሮግራም ሳይነካው፣ ከነጭረቱ ይቀመጥ፤ ማሳመር የፈለገ ሰው በግልባጩ ላይ ያሳምር፤ ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ አይጣል።