ከኬፕታውን የተነሳው የሲቲ ስካን ሒሳብ

ወዳጆች፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሒሳብ ለኑሮ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉኝ ተማሪዎቼ የምነግራቸውን ታሪክ ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ከመቂም ከባቱም ለሕክምና አዳማ የሚመጣ ሰው «ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ» ሲል እንሰማለን። ማሽኑ የፈረንጅ ነው ብለን እናልፋለን እንጂ የሐሳቡ አንድ ሥር አፍሪካ ውስጥ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1956 የጆሃንስበርግ ተወላጁ አለን ኮርማክ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። የከተማዋ ግሩተ ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያው ሥራ ለቀቀበት። ሕጉ ደግሞ ራዲዮአክቲቭ ነገር ያለ ባለሙያ ቁጥጥር እንዲሠራበት አይፈቅድም። ኮርማክ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ እንዲቆጣጠር ተጠየቀ።

እዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠው ጨረር የሚሰላው ሰውነት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። አጥንትና ሳንባ ግን ጨረርን እኩል አያስቀሩም! ታዲያ ሰው ሳይቀደድ ውስጡን በቁጥር ማወቅ ይቻላል?

ተራ ራጅ ሁሉንም ደራርቦ አንድ ጥላ ያደርገዋል። የኮርማክ ዘዴ ግን ድፎ ዳቦ ተቆርጦ መሐሉ እንደሚታይ ነው፤ ቢላው ሒሳብ ነው። አራት ክፍል ያላት ሠንጠረዥ አስቡ። የላይኛው ረድፍ ድምር 5፣ የታችኛው 9፣ የግራው ዓምድ 6፣ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርደው ሰያፍ 7 ነው። አራቱን ቁጥሮች ሳታዩ ማግኘት ትችላላችሁ። ሲቲ ስካንም ከብዙ አቅጣጫ ጨረር እያሳለፈ ይህንኑ ነው የሚያሰላው።

በ1957 በአሉሚኒየምና በእንጨት ሞከረው። መሐል ላይ ቁጥሩ ትንሽ ዝንፍ አለ። ወርክሾፑን ሲጠይቅ ለካ አሉሚኒየሙ ውስጥ ጨረርን በጥቂቱ ያነሰ የሚያስቀር ዘንግ ተሰክቶ ኖሯል። እሱ እንኳን ያልጠረጠረውን ሒሳቡ አገኘው!

ሥራውን በ1963 እና በ1964 አሳተመ። ሰሚ ግን አላገኘም። ጽሑፉን ከጠየቁት ጥቂቶች አንዱ የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ምርምር ማዕከል ነበር። በኋላ እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የኮርማክን ሥራ ሳያውቅ ማሽኑን ሠራ፤ ጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የአንጎል እጢ የተጠረጠረባት ሴት የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆነች። በ1979 ሁለቱም የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም፤ ፒኤችዲም አልነበራቸውም። ሃውንስፊልድ እንዲያውም እንደኔው ባለ ዲፕሎማ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ለረጅም ዓመታት በሀገራችን የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ወረፋ ጠብቆ የደከመን ሰው የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጊዜ ማወቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ሲቲ ስካን እጢውን ያሳያል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋገጠው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። «ካንሰር ነው ቢሉኝስ?» ብላችሁ የታዘዘላችሁን ምርመራ አታዘግዩ። ሳናየው ስለቀረን በሽታው አይቀርም።

የሠንጠረዧን መልስ ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቼ፣ እናንተን አይመለከትም፤ መልሱን ታውቁታላችሁ!