የርችት ቱቦ፦ የውሃ ቧንቧ ለምን አይተካውም?



ጁላይ 4፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27፣ ሲደርስ አሜሪካ ያለው ወገናችን እንደ ማንኛውም ነዋሪ በጓሮው ርችት ይተኩሳል። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅትም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ስለሚውል በየቤቱ እንግዳ ይበዛል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ። አውሮፓ ያለው ደግሞ ተራው ዲሴምበር 31 ሌሊት ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ከእሳቱና ከባሩዱ ነው። ርችቱ የሚወነጨፍበትን ቱቦ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። «ቱቦው ቢያረጅ የቧንቧ ቁራጭ እናደርግለታለን፤ ምን ችግር አለው?» ይባላል። ችግር አለው፤ ያውም ነፍስ የሚያጠፋ። ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው።

ቱቦው ሥራው ምንድን ነው?

ከቱቦ የሚወነጨፈው ኳስ መሰል ርችት ውስጡ ሁለት ዓይነት ባሩድ አለው። ከታች ያለው ኳሱን ወደ ሰማይ ይወረውራል። መሐል ያለው ደግሞ ኳሱ ከፍ ካለ በኋላ ፈንድቶ ያንን የምናየውን ቀለም ይበትናል። ሁሉም ነገር በወጉ ከሄደ ቱቦው የሚችለው የመጀመሪያውን ግፊት ብቻ ነው።

ኳሱ ተገልብጦ ከገባ፣ መንገድ ላይ ከተቀረቀረ ወይም የሚነደው ክር ጉድለት ካለበት ግን ሁለተኛው ፍንዳታ እዚያው ቱቦው ውስጥ ይሆናል። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት አጠገቡ ያለው ሰው ደንግጦ ብቻ ይቅር ወይስ ሆስፒታል ይግባ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ቱቦው የተሠራበት ነገር ነው። ጥሩ ቱቦ ማለት የማይቀደድ ቱቦ አይደለም፤ ሲቀደድ ሰው የማይወጋ ነው።

ቁሶቹ አንድ በአንድ

*ካርቶን፦* ከርካሽ ርችቶች ጋር የሚመጣው ወፍራም የወረቀት ቱቦ ነው። ቢፈነዳ ይተረተራል፤ ቁርጥራጩ ቀላል ስለሆነ ጉዳቱም ያንሳል። ድክመቱ እርጥበት ነው። ጋራዥ ውስጥ ከርሞ የረጠበ፣ ያበጠ ወይም መቀመጫው የላላ ካርቶን ዋጋ የለውም። ደጋግመው ሲተኩሱበትም ውስጡ እየተበላ ይሄዳል።

*ኤችዲፒኢ፦* ጠንካራ ግን የሚለጠጥ ፕላስቲክ ነው፤ መሬት ውስጥ ለሚቀበር የጋዝና የውሃ መስመርም ያገለግላል። ግፊት ሲበዛበት አብጦ ይቀደዳል እንጂ እንደ ብርጭቆ አይሰባበርም። የርችት ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጥቁር ፕላስቲክ ሁሉ ኤችዲፒኢ አይደለም፤ በዓይን ዓይቶ መገመት አያዋጣም።

*ፋይበርግላስ፦* ቀላልና ብርቱ ነው፤ ጠንከር ካሉት የመደብር ርችቶች ጋር ይመጣል። ሲፈነዳ እንደ ጭረት ይተረተራል። ስንጥቅ ወይም ነጣ ያለ የምት ምልክት ከታየበት መጣል ነው።

*ፒቪሲ፦* ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ነጩ የቧንቧ ሠራተኛ ፕላስቲክ በየመደብሩ በትንሽ ብር ስለሚገኝ «ለርችትም ይሆናል» የሚለው ብዙ ነው። ፒቪሲ ግን አይለጠጥም፤ ተሰባብሮ እንደ ስለት ይበተናል። ብርድና ፀሐይ ደግሞ ይበልጥ ተሰባሪ ያደርጉታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) በ1988 ፒቪሲ ከመሬት በላይ ለታመቀ አየር መስመር እንዳይውል አስጠንቅቋል። ልብ በሉ፤ ያ አየር ብቻ ነው፣ ባሩድ የለበትም። ሰውነት ውስጥ የገባ የፕላስቲክ ስባሪም በራጅ እንደ ብረት በግልጽ ስለማይታይ ለሐኪም ፈተና ነው።

*ብረት፦* «ብረት እኮ አይፈነዳም» የሚል አለ። ሐቁ ሌላ ነው። ብረት ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይይዝና ሲሸነፍ እንደ ቦምብ ፍንጣሪ ይበተናል። ባለሙያዎች የብረት ቱቦ ሲጠቀሙ አሸዋ ውስጥ የሚቀብሩት ለዚህ ነው። ጓሮ ላይ የቆመ የብረት ቧንቧ ግን ምንም መከለያ የለውም። የሸክላ፣ የጠርሙስና የቀርከሃ ነገርማ ጭራሽ አይነሳም።

ጥሩ ቱቦም ከተጋደመ ይገድላል

ጁላይ 4 ቀን 2021 ሚሺጋን ውስጥ የኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ የበረዶ ሆኪ በረኛ ማቲስ ኪቭሌኒክስ በ24 ዓመቱ ሞተ። ፖሊስ እንዳለው ከቱቦ የሚወነጨፍ ርችት ትንሽ ዘመም ብሎ ወደ ሰዎች መተኮስ ጀምሮ ነበር፤ እሱን ደረቱ ላይ አገኘው። ከዚያ በፊት በ2013 ካሊፎርኒያ፣ ሲሚ ቫሊ ከተማ፣ ሙያተኞች ባዘጋጁት ትርኢት ላይ አንድ ርችት ያለጊዜው ፈንድቶ ቱቦዎቹን አጋደመ፤ ሌሎቹ ወደ ሕዝቡ ተተኩሰው ከ20 በላይ ሰዎች ተጎዱ። በ2015 ደግሞ ሜይን ስቴት አንድ ወጣት ቱቦውን ራሱ ላይ አድርጎ ለኩሶ እዚያው ሞቷል።

በ2024 ብቻ አሜሪካ ውስጥ በርችት 11 ሰዎች መሞታቸውንና ወደ 14,700 የሚገመቱ መጎዳታቸውን የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን አስታውቋል።

ከመለኮስ በፊት

• ኳሱን አብሮት በመጣው ቱቦ ብቻ ተኩሱ። በራሱ ክብደት ወደ ታች ካልወረደ ወይም በጣም ከላላ መጠኑ አይደለም ማለት ነው፤ ገፍታችሁ አታስገቡ።
• አሜሪካ ውስጥ ከ1.75 ኢንች በላይ ስፋት ያለው ኳስ ለተራ ሸማች አይሸጥም። «ትልቁን አምጥቼልሃለሁ» የሚል ወዳጅ ካለ እንቢ በሉ።
• ጠፍጣፋው መቀመጫ ወደ ታች መሆኑን ሁለቴ እዩ።
• ቱቦውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ደግፉት። ድንጋይ አይሁን፤ ድንጋይም ይበተናል።
• አንድ ጊዜ አንድ ብቻ። አንገታችሁን ቱቦው ላይ አታስግጉ፣ በእጃችሁም አትያዙት።
• ካልተኮሰ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ በውሃ አርሱት። ዳግመኛ አትለኩሱት።

ሕጉስ?

ይህ ሁሉ የሚሠራው ርችቱ በተፈቀደበት ቦታ ነው። ወገናችን በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ግን ነገሩ ጠባብ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ ርችት ለግለሰብ አይፈቅዱም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ልጆች በእጅ የሚይዙትን ብልጭልጭ ሳይቀር ከልክሏል። ፔንሲልቬኒያ ሄዶ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቻላል፤ እዚህ አምጥቶ መተኮስ ግን ያስቀጣል። ማሳቹሴትስ ለግለሰብ ጨርሶ አይፈቅድም።

ጀርመን ውስጥ የኳስ ርችት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ ነው። የ2025 አዲስ ዓመት በተቀበሉበት ሌሊት እዚያ አምስት ሰዎች በርችት አደጋ ሞተዋል። በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ደግሞ ያለ ፈቃድ በርችት መነገድም ሆነ አገር ውስጥ ማስገባት እስርና ከ100,000 ድርሃም የማያንስ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገራት ወገኖቻችን ይህን አደራ ልብ በሉ፤ እዚያ አገር እንዲህ ያለ ክስ እንጀራን ብቻ ሳይሆን መኖሪያ ፈቃድንም ሊነካ ይችላል።

በአጭሩ፣ በርችት የምንደሰተው ሰማይ ላይ ነው፤ የምንጎዳው ግን መሬት ላይ፣ ቱቦው አጠገብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጋራዣችሁ ውስጥ ለርችት ተብሎ የተቀመጠ የፒቪሲ ወይም የብረት ቁራጭ ካለ ዛሬውኑ አስወግዱት። ልጆቻችሁና የወንድም የእህት ልጆች ካላችሁም ይህን ንገሯቸው፤ ቧንቧ ቆርጦ «እንሞክረው» የሚለው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነውና።

ቸር ያሰማን፤ በዓሉን በሰላም ያሳልፍልን።