የውቅያኖስ ዓሣ ሥዕል
የሞቃት ባሕር ዓሦችን ኅብረ ቀለም በወረቀት ላይ የማስቀረት ሥራ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ቀለሙ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ሠዓሊው መቸኮል አለበት። በካፒቴን ኩክ መርከብ በኢንዴቨር የተጓዘው ስኮትላንዳዊ ሲድኒ ፓርኪንሰን ቅርጹን በእርሳስ ይነድፍና ዋና ዋናዎቹን ቀለማት በውሃ ቀለም ነካ ነካ አድርጎ ቀሪውን ለኋላ ያቆየው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1771 ባሕር ላይ ሲሞት ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ሳይጠናቀቁ ቀሩ። ሳሙኤል ፋሉርስ በአምቦን ደሴት የሣላቸውን ደግሞ ሉዊ ሬናር እ.ኤ.አ. በ1719 አምስተርዳም ላይ በመዳብ ሰሌዳ አሳተማቸው፤ ቀለሙ አንድ በአንድ በእጅ የተቀባ ነው። ድምቀቱ ዓይን ይስባል እንጂ ብዙም አይታመንም፦ ከዓሦቹ መካከል ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ዓሣ የሆነች ሴትም ተሥላለች።