ነጠላ ጉንጉን፦ ለ"ሲንግል ክሮሼት" የአማርኛ ስም

የኪሮሽ ሥራን ከቪዲዮ ወይም ከታተመ መመሪያ ለመማር የተነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን "ሲንግል ክሮሼት" የሚል ቃል ያጋጥመዋል። ኪሮሹን ማስገባት፣ ክር ስቦ ማውጣት፣ እንደገና ክር ይዞ በሁለት ቀለበቶች ውስጥ ማሳለፍ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለዚህ አሠራር "ነጠላ ጉንጉን" የሚል የአማርኛ ስም አቀርባለሁ።

ሥራው ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ኮመዲኖው ሁሉ ዳንቴል የሚለብስበት ቤት ያላየ የለም። ዳንቴል የሚሠሩ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህንን አሠራር እጃቸው ያውቀዋል፤ በስም የሚጠሩበት አጋጣሚ ግን እምብዛም ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው "ከዚህ አስገቢ፣ በዚህ አውጪ፣ እዚህ ጋ ሁለት ጨምሪ" እየተባባሉ ነው የተማማሩት። አስተማሪዋ አጠገብ ካለች ጣት መጠቆም ይበቃል። ተማሪዋ ብቻዋን ስልክ ይዛ ስትቀመጥ ግን የምታየውን ነገር የምትጠራበት ቃል ያስፈልጋታል፤ የተማረችውን ለሌላ ልጻፍ ስትል ደግሞ የባሰ ያስፈልጋታል። የእጅ ሥራችን በጽሑፍ ሳይሰፍር ከእጅ ወደ እጅ ብቻ መተላለፉ ያሳስበኛል። አንዲት ባለሙያ እጇን ስታሳርፍ የምታውቀውም አብሯት ይቀራል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ለልምምድ የዳንቴል ክር አትምረጡ። የዳንቴል ኪሮሽ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ብረት ነው፤ ክሩም ቀጭን ስለሆነ ጀማሪ ዐይኑን ያደክማል እንጂ ቀለበቱን ለይቶ አያይም። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክርና 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይዛችሁ ጀምሩ። የክሩ ቀለም ፈካ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ክር ላይ የት ማስገባት እንዳለባችሁ አይታይም።

መነሻው ሸምቀቆ ነው። ሸምቀቆውን ኪሮሹ ላይ አጥልቁና ክሩን በኪሮሹ አፍ እየያዛችሁ በቀለበቱ ውስጥ ሳቡት፤ አንድ የሰንሰለት ቀለበት ወጣ። እንዲህ እያላችሁ 21 አድርሱት። አሁን ከኪሮሹ አጠገብ ያለውን ቀለበት ዝለሉና ሁለተኛው ላይ ኪሮሹን አስገቡ። ክር ያዙ፣ ስባችሁ አውጡ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ያዙና በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ አሳልፉት። ኪሮሹ ላይ አንድ ቀለበት ብቻ ቀረ፤ አንድ ነጠላ ጉንጉን ሠራችሁ ማለት ነው። በየቀለበቱ አንድ አንድ እየሠራችሁ ስትጨርሱ 20 ይሆናል። 21ኛው የሰንሰለት ቀለበት የረድፉን ከፍታ ለማግኘት የተጨመረ ስለሆነ አይቆጠርም።

ረድፉ ሲያልቅ አንድ የሰንሰለት ቀለበት ትሠሩና ሥራውን ትገለብጣላችሁ። የረድፉን ጫፍ ከላይ ብታዩት ሁለት ሁለት ክር ጎን ለጎን ተኝቶ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ፣ ልክ እንደተጎነጎነ ፀጉር ይሄዳል። በሁለተኛው ረድፍ ኪሮሹ የሚገባው ከእነዚህ ሁለት ክሮች ሥር ነው። "ጉንጉን" ያልኩትም ከዚህ የተነሣ ነው። "ቋጠሮ" እንዳንለው፣ ቋጠሮ ጠብቆ የሚቀር ነገር ነው፤ ይህ ግን የክሩን ጫፍ ሲስቡት እስከ መጀመሪያው ድረስ ይተረተራል። "ስፌት" እንዳንለው፣ ቃሉ በመርፌ ሥራና በሰፌድ፣ በመሶብ ሥራ ተይዟል። "ጥልፍ"ም የራሱ ሙያ አለው። "ነጠላ"ን የመረጥኩት አማርኛችን "ነጠላ" እና "ድርብ" ብሎ አስቀድሞ ስላጣመራቸው ነው። ክሩ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ኪሮሹ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ረጅሙን አሠራር "ድርብ ጉንጉን"፣ በሁለቱ መሃል ያለውን "ግማሽ ድርብ" ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሜሪካኖችና እንግሊዞች አንዱን አሠራር በተለያየ ስም ይጠሩታል። አሜሪካኖች "ሲንግል" የሚሉትን እንግሊዞች "ደብል" ይሉታል፤ አሜሪካኖች "ደብል" የሚሉት ደግሞ በእንግሊዝ "ትሬብል" ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ይዞ የአሜሪካ ቪዲዮ እያየ የሚሠራ ሰው ሥራው ከሚፈለገው እጥፍ ያህል ይረዝምበታል፣ ክሩም ያልቅበታል። መለያው ቀላል ነው፤ በዛሬው የእንግሊዝ አጠራር "ሲንግል" የሚባል ስለሌለ፣ መመሪያው ውስጥ ይህ ቃል ካለ አሜሪካዊ ነው። አንዱን ዝለል ለማለትም አሜሪካኖች "ስኪፕ"፣ እንግሊዞች "ሚስ" ብለው ይጽፋሉ። በሥዕል በተዘጋጀ መመሪያ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ነጠላ ጉንጉን በትንሽ መስቀል ምልክት ይሣላል። በዚህ ምክንያት፣ ሥዕል ማንበብ የቻለ ሰው ቋንቋውን በማያውቀው የጃፓን መመሪያ ሳይቀር መሥራት ይችላል። ለአማርኛ የሚሻለው አጠራሩን ከአሠራሩ ጋር አስሮ መያዝ ነው፦ ያለ መጠምጠም የገባው ነጠላ፣ አንዴ ተጠምጥሞ የገባው ድርብ።

የጀማሪ ትልቁ ችግር ሥራው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ መምጣቱ ነው። የረድፉ የመጨረሻ ጉንጉን ጥግ ላይ ተደብቆ ስለሚቀር ይዘለላል፤ 20 የነበረው 19፣ ከዚያ 18 ይሆናል። መድኃኒቱ በየረድፉ መቁጠር ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለውም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጉንጉን ላይ የወረቀት መያዣ ክሊፕ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ማንጠልጠልም ይረዳል።

አንድ ነጠላ ጉንጉን ብቻ ይዞ ምን ይሠራል? ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይለጠጥ ጨርቅ ስለሚወጣው፣ ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ለገላ መታጠቢያ ጨርቅ፣ ለቦርሳ የሚስማማ ነው። ከላይ የጀመርነውን 20 ይዛችሁ ሥራው አራት ማዕዘን እስኪሆን ብትቀጥሉ የስኒ ማስቀመጫ ሆነ ማለት ነው፤ መድረሱን ለማወቅ ሰያፍ አጥፉትና ጥጉ ከጥጉ ሲገጥም አቁሙ። የጋለ ጀበና ወይም ድስት የሚያዝበት ከሆነ ግን ክሩ ጥጥ ይሁን። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ክር በሙቀት ስለሚቀልጥ እጅ ያቃጥላል። የአንገት ልብስ ካማራችሁ ኪሮሹን ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ አንገት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከሁለቱ ክሮች ሥር በመግባት ፈንታ የኋለኛውን ብቻ እያነሣችሁ ብትሠሩ ደግሞ እንደ ሹራብ እጅጌ ጫፍ የሚለጠጥ ይሆናል፤ ለፀጉር ማሰሪያና ለኮፍያ ጠርዝ የሚሆነው ይኼኛው ነው።

በክብ ሲሠራ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። መሃል ላይ በ6 ይጀመርና በየዙሩ 6 ይጨመራል፦ 12፣ 18፣ 24፣ 30። በዚህ ስሌት የሄደ ሥራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል። መጨመሩን ስታቆሙ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ኮፍያም፣ ጃፓኖች "አሚጉሩሚ" የሚሏቸው በጥጥ የሚሞሉ ትንንሽ አሻንጉሊቶችም ከዚህ ይወጣሉ። ከሚገባው በላይ ስትጨምሩ ደግሞ ዳሩ ይጨማደዳል፣ ይሞገዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ትውልደ ላትቪያዊቷ የሂሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች በቃል ለማስረዳት የሚያስቸግረውን ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ ያሳየችው በዚህ መንገድ ነው፤ በየተወሰነው ነጠላ ጉንጉን ላይ አንድ እየጨመረች ሠርታ በእጅ የሚዳሰስ ቅርጽ አስያዘችው። ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም የተባሉት መንትያ እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ ወስደው የባሕር ኮራል መልክ ያላቸው ሥራዎችን ጀመሩ። አንድን ቁጥር መጨመርና መቀነስ ይህን ያህል ይወስናል። ዳንቴል ሠሪዎቻችን ዙሩ እንዳይጨማደድ በየጊዜው ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያዩ የሚያሰሉት ይህንኑ ነው፤ የሂሳብ ዕውቀት ተብሎ ቢቆጠርላቸው ይገባቸዋል።

ሥራው ሲያልቅ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጉት። የተረፈውን ክር ቀዳዳው ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያም ተመልሳችሁ ወደ ሌላው በጉንጉኖቹ ውስጥ ሰብስቡት። አንዴ ብቻ ከተሰበሰበ ሲታጠብ ሾልኮ ይወጣል።