ከቅጠሉ እስከ መድኃኒቱ፦ የአለርጂ ሕክምና ታሪክ

በሙቀቱ ወራት ካምሲን የተባለው ነፋስ የጅቡቲን አቧራ ሲያነሳ ማስነጠሱ፣ የዓይን ማሳከኩና የትንፋሽ ማጠሩ በየቤቱ ይሰማል። ሰውነታችን ብዙም ጉዳት የሌለውን አቧራ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ አለርጂ እንለዋለን። ያን ጊዜ ትዝ የሚለን የእናቶቻችን ጥቁር አዝሙድ ነው፤ በጨርቅ ቋጥሮ፣ በእጅ አሽቶ ማሽተት። ይህን ልማድ መናቅ አይገባም፤ በእሱ ብቻ ተማምኖ መዘናጋትም አይገባም። ለምን ቢባል ታሪክ መልስ አለው።

በቻይና ማ ሁዋንግ የተባለውን ቁጥቋጦ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር አፍልተው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ ከተክሉ ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። በ1920ዎቹ ቼንና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች ቤጂንግ ውስጥ አሠራሩን አጥንተው ካሳወቁ በኋላ ለአስም ሕክምና ዋለ። ይሁን እንጂ ልብን ያፋጥናል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። በ2004 አሜሪካ ይህ ተክል ያለባቸውን የምግብ ማሟያዎች ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ እኛ ቀረብ ይላል። በግብጽ ኺላ የተባለ ተክል ፍሬው ለኩላሊት ጠጠር ይፈላ ነበር። ከእሱ ኬሊን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘ። በ1922 ሶርያ ውስጥ የተወለደው ሐኪም ሮጀር አልቱንያን ራሱ አስም ነበረበት። እንግሊዝ አገር ሲሠራ ሆን ብሎ አስሙን እየቀሰቀሰ፣ ከኬሊን በመነሳት የተሠሩ ውሕዶችን በገዛ ሳንባው ላይ ፈተነ። በ1965 ክሮሞግላይኬት ተገኘ። ይህ መድኃኒት የአለርጂ ሕዋሳት ሂስታሚን እንዳይለቁ አስቀድሞ ይከላከላል፤ ዛሬም የዓይን ጠብታ ሆኖ ይሠራል።

በሁለቱም ታሪክ ተክሉ መንገዱን ጠቆመ። መድኃኒት ያደረገው ግን መጣራቱ፣ መመዘኑና መፈተኑ ነው። ጥቁር አዝሙድም እየተጠና ነው፤ አንዳንድ አነስተኛ ጥናቶች ዘይቱ የአፍንጫ አለርጂን እንደሚያስታግስ አሳይተዋል። ይህ ግን የሐኪምን መድኃኒት ለመተው አያበቃም።

ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት፣ «ልጄን በቅጠል ጭስ አጠንኩት፣ ለምን ባሰበት?» ብላ ጠየቀችኝ። የልጁ ፓፍ «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እናቶች ሆይ፣ ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ማንኛውም ጭስ ግን የአስም ሕመምተኛን ያፍናል።

ስለዚህ፦
• በሕፃን አፍንጫ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አታንጠብጡ።
• የምትጠቀሙበትን ተክል ለጤና ባለሙያ ሳትደብቁ ንገሩ።
• ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ካቃተው ቅጠል አትፈልጉ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።