ማመንታት፥ ማቅማማት፥ ማወላወል፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላትና ስለ አማርኛ አቻዎቻቸው

ሰው ሊያደርገው ባሰበው ነገር ላይ ሳይቆርጥ የሚቆይበትን ሁኔታ ለመግለጽ እንግሊዝኛ በርካታ ቃላት አሉት። በትርጉም ሥራ ላይ ግን እነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ «ማመንታት» ወይም «መጠራጠር» ተብለው ብቻ ሲመለሱ ይታያሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አማርኛ በዚህ ረገድ የቃል ድኽነት እንደሌለበት፥ ችግሩም ቃላቱ የተሸከሙትን ፍርድ ሳይለዩ አንዱን በሌላው ከመተካት የሚመጣ መሆኑን ነው።

የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት ምንጭ ስንመረምር ሦስት መሠረታዊ ምሳሌዎችን እናገኛለን። አንደኛው የሁለትነት ምሳሌ ነው። «ዳውት» የተባለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ የላቲኑ ግስ «ሁለት» ከሚለው ቁጥር ጋር ይዛመዳል። ሁለተኛው የመወዛወዝ ምሳሌ ነው። «ቫሲሌት» በላቲን መንገዳገድን፥ ከኖርስ ቋንቋ ጋር የሚዛመደው «ዌቨር»ም ወዲያና ወዲህ ማለትን ያመለክታል። ሦስተኛው የመጣበቅ ምሳሌ ሲሆን፥ «ሄዚቴት» መነሻው ተጣብቆ መቅረት ማለት ነው። ከእነዚህ ውጭ የሚቆመው «ሺሊ ሻሊ» የተባለው አነጋገር ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ በጽሑፍ የታየ ሲሆን፥ «ላድርግ? ላድርግ?» ብሎ ራስን ከመጠየቅ የተገኘ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ «አመነታ» ከ«መንታ» ጋር የሚዛመድ በመሆኑ የሁለትነቱን ምሳሌ በግልጽ ይዟል፤ ያመነታ ሰው አንዱ ልቡ ሁለት የሆነበት ነው። «ተጠራጠረ» ግን የሚመለከተው ዕውቀትን ነው፤ ተጠራጣሪው የነገሩን እውነትነት ገና አላረጋገጠም። «አቅማማ» ወደ ፈቃድ ይወስደናል፤ የሚያቅማማ ሰው ነገሩን ዐውቆ ሳለ ልቡ ሙሉ በሙሉ አልፈቀደለትም። «አንገራገረ» ከዚህ አልፎ ወደ እምቢታ ይጠጋል። «አወላወለ» ደግሞ በአቋም ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ልዩነቱ በአሉታ ሲነገር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። «ሳያመነታ ገባ» ስንል ቆራጥነትን፥ «ሳያቅማማ ፈቀደ» ስንል በጎ ፈቃድን፥ «ሳያወላውል ቆመ» ስንል ጽናትን እናመሰግናለን። አንዱን በሌላው ብንተካ ምስጋናው ሌላ ይሆናል።

ከነጠላ ቃላት በተጨማሪ አማርኛ ማመንታትን በሰዋስው ጭምር ይገልጻል። «ልሂድ ልቅር እያለ ዋለ»፥ «ልናገር አልናገር ስል መሸ» በሚሉት አነጋገሮች ሁለት ትእዛዝ አንቀጾች ጎን ለጎን ቆመው የተናጋሪውን ልብ ሁለትነት ያሳያሉ። ለእንግሊዝኛው «ሺሊ ሻሊ» እውነተኛው አቻ ይህ ነው፤ ሁለቱም ራስን መጠየቅን ወደ አነጋገር የለወጡ ናቸውና። ይሁንና ይህ አነጋገር የቃል ሳይሆን የአገነባብ ጉዳይ ስለሆነ፥ በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገበ ቃላት ውስጥ በቀላሉ ቦታ አያገኝም።

የጉዳዩ ክብደት በተለይ የታየው ሐምሌት ወደ አማርኛ በተመለሰ ጊዜ ነው። ተርጓሚው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ በምትገኘው ቦዳ የተወለደ፥ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አካባቢ ያደገና ግእዝንም የተማረ ነበር። የዴንማርኩ ልዑል በዓለም ሥነ ጽሑፍ የማመንታት አብነት ሆኖ ቢታወቅም፥ «ሄዚቴት» የሚለው ግስ በተውኔቱ ውስጥ አይገኝም። ተውኔቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ሲሆን፥ ግሱ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየው በ1620ዎቹ ነው። ስለዚህ ተርጓሚውን የሚገጥመው የማመንታትን ስም የማግኘት ሳይሆን ማመንታቱን ራሱን በአማርኛ የመገንባት ችግር ነው። የታወቀው የሦስተኛው ገቢር ንግግር የሚጀምረው ባለቤት በሌለው ንኡስ አንቀጽ ነው። አማርኛ ንኡስ አንቀጹን ቢከተል ንግግሩ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የሚደረግ ምርምር ይሆናል፤ ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ቢያዞረው ግን የአንድ ሰው የግል ጭንቀት ይሆናል። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው አንድ ግስ በአማርኛ ለ«ሆነ»፥ ለ«ኖረ»ና ለ«አለ» ይከፈላል።

በመዝገበ ቃላት ሥራ በኩል እ.ኤ.አ. 1973 የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት በአዲስ አበባ፥ የቮልፍ ሌስላው እንግሊዝኛ-አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላትም በቪስባደን ታተሙ። ሌስላው እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መተርጎሙ ለዚህ ዐይነት ቃላት ተስማሚ መንገድ ነው፤ የማመንታት ቃል ማን፥ በምን ነገር፥ ስለ ምን እንዳመነታ ካልተነገረ ትርጉሙ አይለይምና።

ፍርድ የተሸከመ ቃል ያለ ልክ ሲሠራበት ምን እንደሚያስከትል ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የነበረው የፖለቲካ ቋንቋ አሳይቷል። የማርክሳዊ ጽሑፎች ትርጉም «ወላዋይ»ን የንኡስ ከበርቴው ቅጽል አደረገው። ከጊዜ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የጠየቀም፥ በሐሳቡ ያልተስማማም በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር። ማመንታት የልብ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ የመደብ ጥፋት ሆነ።

ዛሬም ተመሳሳይ ምርጫ ከፊታችን ቀርቧል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጡት ብያኔ፥ ስለ ክትባት የሚነገረው «ሄዚታንሲ» ክትባት እያለ መዘግየትንም እምቢ ማለትንም ያጠቃልላል። «ማመንታት» ብንለው እምቢታው ይቀራል፤ «እምቢታ» ብንለው የዘገየው ሁሉ እምቢተኛ ይባላል። በአምቦ፥ በጉደር ወይም በጊንጪ አንዲት እናት በኦሮምኛ የተናገረችው ወደ አማርኛ፥ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ቢሻገር አደጋው እጥፍ ይሆናል። ኦሮምኛ «ማሙ» እና «ሸኩ» የሚሉ ግሶች አሉት፤ ተጠርጣሪን የሚሰይመው የሕግ ቃል የወጣው ከሁለተኛው ነው። «ባለቤቴን ላማክር» ያለች ሴት በዚህ መንገድ ተጠራጣሪ ወይም እምቢተኛ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች።

ስለዚህ ለውይይት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ማመንታት» ለልብ መከፈል፥ «መጠራጠር» ለዕውቀት ጉድለት፥ «ማቅማማት» ለፈቃድ መጓደል፥ «ማወላወል» ለአቋም አለመጽናት ይመደቡ። ለክትባቱ ስያሜ «ማመንታትና እምቢታ» የሚለው ጥንድ ቢረዝምም ማንንም ያለ ጥፋቱ አይከስም። ተርጓሚ አቻ ቃል ከመምረጡ በፊት የተናወጠው ዕውቀት፥ ፈቃድ ወይስ አቋም መሆኑን ይጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ቃል አማርኛ አያጣም።