ሰስባኒያ፣ አምባች ወይስ ሴና? የሐይቅ ዳር ቢጫ አበቦች አለያየት

ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ዳር ቢቆሙ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ቢጫ አበባ ያወጡ ቁጥቋጦዎችን ያያሉ፡፡ ለከተሜ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፡፡ ለእኔም አንድ ነበሩ፤ ስህተቴ ግን ዘመዶቼን አንድ ክረምት አስከፍሏቸዋል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ላም የሚያረቡ ዘመዶቼ የመኖ ነገር እንዳስጨነቃቸው ሰማሁ፡፡ “ሰስባኒያ እኮ በደጃችሁ በነፃ ይበቅላል” አልኩና ራሴን ባለሙያ አድርጌ ሾምኩ፡፡ በበጋ፣ አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ደረቅ ፍሬ ለቅሜ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠኋቸው፡፡ ዘሩ በቀለ፤ አማረም፡፡ ላሞቹ ግን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ፡፡ ያዘራኋቸው ሴና ነበር፡፡ ሴና ሆድ የሚያስቀምጥ፣ ለከብትም መርዝነት ያለው ተክል ነው፡፡ ላሞቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር ማለት ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ሳልለይ ዘር አልለቅምም፡፡ ሦስቱም ከጥራጥሬ ቤተሰብ ናቸው፤ በሦስቱም ላይ ትናንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይታያሉ፡፡ (በእንጦጦ የሚያውቁት አሜጃም ቢጫ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ነጠላ ስለሆነና ከቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚወጣ ከእነዚህ ጋር አይምታታም፡፡)

መጀመሪያ አበባውን ይመልከቱ፡፡ የአተር አበባ ካስታወሱ ግማሹ ሥራ አልቋል፡፡ አንድ ትልቅ የቆመ ቅጠል፣ ሁለት ክንፍ፣ ከታች የተጣጠፈ ጀልባ መሰል ነገር፤ ይህ የሰስባኒያና የአምባች መልክ ነው፡፡ የሴና አበባ እንዲህ አይደለም፤ አምስቱ ቅጠሎች ተቀራራቢ መጠን ይዘው ይዘረጋሉ፡፡ ሴና ሌላም ምልክት አለው፡፡ አበባው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉ ላይ ያልፈነዱት እምቡጦች ጥቁር ቡናማ ሆነው ይታያሉ፡፡ ከሩቅ ሲያዩት ጧፉ ተለኩሶ የጠፋ ይመስላል፡፡ ቅጠሉን በጣትዎ ጨፍልቀው ቢያሸቱት ደግሞ የተቆላ ለውዝ ወይም ፈንዲሻ የመሰለ ጠረን ይሰጣል፡፡

አስቸጋሪው ሰስባኒያንና አምባችን መለየት ነው፡፡ እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፡፡ የዕፅዋት ስም አባት የሚባለው ሊኒየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1753 ሰስባኒያን “ኤስኪኖሜኔ” ከሚለው፣ ማለትም ዛሬ አምባች ከሚመደብበት ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር፡፡ አሁን የምንጠቀምበትን “ሰስባኒያ ሰስባን” የሚለውን ስም ያገኘው በ1912 ነው፡፡

እኔ የምለያቸው በእጅ ነው፡፡ የአምባች ግንድም የቅጠሉ ዘንግም እሾሃማ ነው፤ ሰስባኒያ እሾህ የለውም፡፡ የአምባች አበባ ትልቅ ነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቀለሙም ወደ ብርቱካን ያደላል፡፡ የሰስባኒያ አበባ የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ከቆመው ቅጠል ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይኖረዋል፡፡

ግንዱ ደግሞ የማያሳስት ምስክር ነው፡፡ አምባች ውሃ ውስጥ ቆሞ ሥሩ አካባቢ ያብጣል፤ እንጨቱ እንደ ቡሽ የቀለለ ስለሆነ አንድ ሰው ትልቅ ግንድ በትከሻው ይዞ ይሄዳል፡፡ “ኤላፍሮክሲለን” የሚለው የሳይንስ ስሙ በግሪክኛ “ቀላል እንጨት” ማለት ነው፡፡ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚሠሩት ከዚህ ነው፡፡ ስለዚህ “ያው ሰስባኒያ ነው” ብሎ አምባችን ለማገዶ የሚጨፈጭፍ ሰው የሚቆርጠው የሌላውን ጀልባ ነው፡፡

በነገራችን ላይ አምባች፣ እምቦጭና እምቧጮ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተንሳፋፊ መጤ አረም ነው፤ እምቧጮ ደግሞ የደረቅ መሬት ቁጥቋጦ ነው፡፡ በስብሰባ ላይ ሳይቀር ሲምታቱ ሰምቻለሁ፡፡

በበጋ አበባ ከሌለስ? ፍሬውን ይዩ፤ እኔ ያላየሁት እሱን ነውና፡፡ የሰስባኒያ ፍሬ እንደ ፎሶሊያ ቀጭን ሲሆን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውስጡም በርካታ ዘር ተደርድሯል፡፡ የአምባች ፍሬ እንደ ምንጭ ሽቦ ይጠመዘዛል፤ ሲደርቅ አንድ አንድ ዘር በያዙ እሾሃማ ቁርጥራጮች ይበጣጠሳል፡፡ የሴና ፍሬ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ርዝመቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፡፡ በፌስታሌ የሞላሁት ይህንኑ ነበር፡፡

ትክክለኛውን ካገኙ በኋላ ሁለት ነገር ልጨምር፡፡ የሰስባኒያ ዘር ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዝራትዎ በፊት በሙቅ ውሃ ይንከሩት ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፈግ ፈግ ያድርጉት፡፡ ቅጠሉ ለላምና ለፍየል ፕሮቲን የሞላበት መኖ ቢሆንም ለጫጩት ጎጂ ነው፤ ወደ ዶሮ ቤት አያስጠጉት፡፡

ዘመዶቼ ሴናውን ነቅለው በዓመቱ እንደገና ዘሩ፡፡ በዚህ ጊዜ ዘሩን የለቀመችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ እኔ ፌስታሉን ብቻ ያዝኩ፡፡